የጉበት ቫይረስ በየትኛው በር ይገባል?

(ቤሩት ውስጥ በእሁድ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ እንደምታውቁት አገር ቤት እያለሁ ጤና ጣቢያ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚህ ስለዚያ የሚጠይቀኝ የለም። እናንተ ግን ባለፈው «አንዷ ልጅ የጉበት ቫይረስ አለብሽ ተብላ ሳህኗን ለዩባት፣ እውነት በሳህን ይተላለፋል ወይ?» አላችሁኝ። መልሱ አጭር ነው፤ አይተላለፍም። ግን ይህን ብቻ ብዬ ብቀመጥ፣ ነገ ማዳም «ይተላለፋል» ስትል የማንን ታምናላችሁ? ስለዚህ ቫይረሱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ።

የምናወራው ስለ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱ በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ብቻውን አይራባም። ያለው አጭር የዘር መመሪያና መመሪያውን የሸፈነ ልባስ ነው። ሰው ሴል ውስጥ ገብቶ በሰው ዕቃ ካልሠራ ምንም አይሆንለትም።

በየት ይገባል? የጉበት ሴል ግድግዳ ላይ ኤን ቲ ሲ ፒ የሚባል ፕሮቲን አለ። የሱ ሥራ ከሐሞት ጋር ነው። ሐሞት ወደ አንጀት ወርዶ ቅባት ካስፈጨ በኋላ፣ ውስጡ ያለው ጨው አብዛኛው አይጣልም፤ በደም ተመልሶ ጉበት ይገባል። በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ያንን ጨው ከደም ተቀብሎ ወደ ሴሉ የሚያስገባው ኤን ቲ ሲ ፒ ነው። የሕንጻችሁን ናጡር አስቡት። ውሃና ጋዝ የሚያመጣውን ሰው ሲያይ በሩን ይከፍትለታል፣ ሥራው ነው። የቫይረሱ ልባስ ላይ ያለች አንዲት ፕሮቲን ጫፏ ኤን ቲ ሲ ፒ ላይ ልክ ግጥም ይላል። እሷ ስትጣበቅ ቫይረሱ አብሮ ይገባል። በሩ አልተሰበረም፣ ናጡሩም አላጠፋም።

ይህን በር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ቤጂንግ ውስጥ የሚሠራው የዌንሁይ ሊ ቡድን ነው። ቫይረሱ ከታወቀ አርባ ዓመት አልፎት ነበር፣ በሩ ግን እስከዚያ አይታወቅም ነበር። በሩ ከታወቀ ወዲህ ቡለቨርታይድ የሚባል መድኃኒት በአውሮፓ ተፈቅዷል። የቫይረሱን ጫፍ አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ቀድሞ ኤን ቲ ሲ ፒ ላይ ይቀመጥና ቦታውን ይይዝበታል። የተፈቀደው ግን የሄፓታይተስ ቢን ልባስ ተውሶ ለሚሄደው ለሄፓታይተስ ዲ ነው፤ ለኛ ገና ሩቅ ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ ልመለስ። ይህ በር በዋናነት ያለው ጉበት ላይ ነው። ቫይረሱ ጉበት ለመድረስ መጀመሪያ ደም ውስጥ መግባት አለበት። በምግብ፣ በብርጭቆ፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ፣ በማስነጠስ፣ ጡት በማጥባትም አይተላለፍም። የሚተላለፈው እናት ስትወልድ ወደ ልጇ፣ ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግንኙነት፣ ንጹሕ ባልሆነ መርፌ፣ በምላጭ ነው። የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽም ደም ሊነካቸው ስለሚችል አትዋዋሱ። ይሄ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ደም ስታጸዱ፣ የማንም ደም ይሁን፣ ጓንት አድርጉ፣ በውሃ የተበረዘ ክሎሮክስ ተጠቀሙ። ጓንት መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ አታፍሩ።

ከገባ በኋላ የሚያደርገው ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ይዞት የሚመጣው ክብ የዘር ክር ያላለቀ ስፌት ነው፣ ክፍተት አለው። የኛ ሴል ደግሞ የተበላሸ ዘር የሚጠግኑ ፕሮቲኖች አሉት። እነሱ ያላለቀውን አይተው የራሳቸው መስሏቸው ይጨርሱለታል! ከዚያ የኛን ዘር የሚያነበው መሣሪያ የቫይረሱንም ያነባል፣ የኛን ፕሮቲን የሚሠራውም የሱን ይሠራለታል። እንግዳ ወጥ ቤታችሁን ይዞ፣ በዘይታችሁና በድስታችሁ ለሰፈር ሁሉ ሲያበስል ማለት ነው። ጉበቱን በብዛት የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን፣ የተያዙትን ሴሎች ለማጥፋት የሚዘምተው የራሳችን መከላከያ ነው። ይህ ለብዙ ዓመታት ያለ ምንም ሕመም ሊቀጥልና ጉበቱን ሊያጠነክር፣ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል።

እንደ ቴኖፎቪር ያለ ኪኒን የቫይረሱን መባዛት ያቆማል፤ የተጠገነችዋ ክብ ክር ግን ሴሉ ውስጥ ትቀራለች። ስለዚህ ኪኒን የጀመረች ሰው «ደህና ነኝ» ብላ ያለ ሐኪም ብታቆም በሽታው በኃይል ሊነሳባት ይችላል። አሠሪ ሲቀየር ወይም ፓስፖርት ሲያዝ መድኃኒት የሚቋረጥባቸው አሉ፤ እንዲህ ሲሆን ቶሎ ንገሩን።

የምርመራ ወረቀት ላይ ኤች ቢ ኤስ ኤ ጂ የሚለው የልባሱ ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ ከሚያስፈልገው በላይ አምርቶ ደም ውስጥ ይበትነዋል። ከ6 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። በጉልምስና የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያስወግደዋል። በጨቅላነት ከተያዙት ግን ከ100 ወደ 90ዎቹ ይቀርባቸዋል። በአገራችን ክትባቱ ለሕጻናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ እዚህ ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን ከዚያ በፊት ነው የተወለድነው። «አለብሽ» የተባለችን ሴት በጸባይዋ የሚጠረጥራት ይህን አያውቅም ማለት ነው።

ቢጫ መሆን ሲመጣ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ቅጠል የሚያጠጡ፣ ቆዳ በምላጭ የሚበጡ አሉ። የአገር ባህል አልንቅም፣ ግን የታመመ ጉበት ላይ የማይታወቅ ቅጠል መጨመር አደገኛ ነው፤ ምላጩማ ራሱ ቫይረሱን ያዞረዋል።

ክትባቱ ውስጥ ቫይረስ የለም፤ በእርሾ የተሠራ የልባሱ ፕሮቲን ብቻ ነው። ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ ሦስት መርፌ ነው፣ ከዚያ በፊት መመርመር ይሻላል።

በቃ፣ ጥያቄ እቀበላለሁ። ወረቀት ያላት ከሻይ በኋላ ወደ ጥጉ ትምጣና አብረን እናንብበው፤ ስሟን በእጇ ሸፍና ታሳየኝ።