ቦርጭና የደም ሥር

ተራችሁ እስኪደርስ ስለ ቦርጭ እንነጋገር።

ቦርጭ ያወጣ ሰው ሲታይ «ተመችቶታል» ይባላል። ነገር ግን በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም። ሲበዛ ሰውነትን የሚያስቆጡ፣ ብግነት የሚያስነሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። የቆዳ ቁስል ሲቆጣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያማል፤ ስለዚህ ቶሎ እንታከማለን። ይህኛው ግን ሳያምም ለዓመታት ይቆያል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። የደም ቅዳዎች ውስጠኛ ሽፋን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ እንደሚፈለገው መስፋት ያቅታቸዋል፣ ስብም ይጋገርባቸዋል። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ከሚመጡባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ኪኒን ለመጀመር የመጣችን እናት አስቀድመን ግፊቷን የምንለካውም በከንቱ አይደለም። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ሆርሞን ያለውን ኪኒን ትታ እንደ ሉፕ ያለ ዘዴ እንድትመርጥ እናማክራታለን።

አባቶችም እባካችሁ በር ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ፤ ገብታችሁ ተለኩ። የወገብ ዙሪያ ለወንድ 94፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት 80 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ጥንቃቄ ያሻል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ሚዛኑ ብዙ ባይወርድ እንኳ፣ የደም ሥርን ይጠቅማል።