መንገደኛና ስልኩ
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «እናንተ የሱቅ ሰዎች ለቤተሰቦች የሚጠቅም ነገር ተናገሩ» ሲለን መጀመሪያ ስለ በርበሬ ዋጋ የሚያናግሩን መስሎን ደንግጠን ነበር። የተፈለገው ግን ሌላ ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ፣ ሱቅ ከከፈትን ጀምሮ ከሽሮና ከበርበሬ እኩል የምንጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ነገ አገር ቤት ልሄድ ነው፤ ስልኬን ምን ላድርገው?» የሚል። እኛ የስልክ መሐንዲሶች አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሰው ብሶት የሚሰማ ብዙ ይማራል። ከራሳችን ኪሳራም ተምረናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገር።

በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሳላችሁ። በ1990ዎቹ ወደ አገር ቤት ለመደወል በኃይለ ሥላሴ ጎዳና ወደሚገኘው የኤክስቴልኮምስ ሕንፃ ሄደን ተራ እንይዝ ነበር። በአገራችን ንጉሥ ስም በተጠራ መንገድ ላይ ቆመን አገራችንን መጣራታችን ያን ጊዜም ያስቀን ነበር። እናታችን ስልክ አልነበራትም፤ የምንደውለው ስልክ ላለው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ልጅ ልኮ እናታችንን እስኪያስጠራ ደቂቃው ይቆጥራል። እሷ ነጠላዋን ደርባ እያለከለከች ስትደርስ የእኛ ገንዘብ ያልቃል። «ደህና ናችሁ?» «ደህና ነን» ተባብለን እንዘጋለን። ዛሬ ስልኩ በየኪሳችን ገብቷል፤ ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ ገንዘብ መብላቱን አልተወም። ከገንዘቡም የባሰ ነገር አለ፤ እሱን እንንገራችሁ።

በ2013 የወንድማችንን ተዝካር ለማውጣት ባልና ሚስት ሆነን ደሴ ሄድን። ሱቁንና ልጆቹን ለእህታችን ልጅ አደራ ሰጠን። የኬንያ ሲም ካርዳችንን እንደያዝን ሮሚንግ የሚሉትን አስከፈትን፤ ደህና ሂሳብም ሞላንበት። «እኛ ካልደወልን ገንዘቡ ምን ይሆናል? የሚደውልልን ሰው የሚከፍለው ከራሱ ነው» ብለን ተማመንን። ስህተታችን እዚህ ላይ ነበር።

ደንበኞቻችን መሄዳችንን አላወቁም። «እንጀራ መጥቷል?» «ቡናው ስንት ገባ?» እያሉ ይደውላሉ፤ እኛም ሰው እንዳይቀየም እናነሳለን። የእኛ ሰው ሰላምታ ደግሞ ብቻውን ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ዝም አለ። እኛም «ተመስገን፣ አሁን አረፍን» አልን።

በዚያው ሌሊት ታናሿ ልጃችን አስሟ ተነስቶባት ሆስፒታል ገብታ ነበር። የእህታችን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ደወለ፤ የሚመልስለት የማሽን ድምፅ ብቻ ነው። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት የምትወስደው መድኃኒት ምን ነበር? የማይስማማትስ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ አልተገኘም። ወሬው የደረሰን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም የደሴ ጎረቤታችንን ቁጥር ከአንድ አሮጌ ደብተር ላይ ፈልገው በማግኘታቸው። ልጅቷ ዳነች፣ ፈጣሪ ይመስገን። አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ስሟን እንዳንጠራም አስጠንቅቃናለች። እናቷ ግን የዚያን ዕለቱን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ስለ ስልክ ሲጠይቀን ስለ ርካሽነቱ ብቻ አንመልስም። በጣም ውድ ጥሪ ማለት ሳይደርስ የቀረው ጥሪ ነውና።

ምን እንደሆንን በኋላ ነው የገባን። አንድ ሰው ከናይሮቢ ወደ ናይሮቢ ቁጥር ሲደውል የሚከፍለው የአገር ውስጡን ዋጋ ነው፤ እናንተ ደሴ ይሁኑ ሞምባሳ እሱ አያውቅም። ጥሪው መጀመሪያ ቁጥሩ ወደተመዘገበበት ወደ ኬንያ ይሄዳል፤ ከዚያ እስከ ደሴ ያለውን የውጭ አገር መንገድ የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ቅድመ ክፍያ የሆነ መስመር ሂሳቡ ሲያልቅ የሚገባውም ጥሪ ይቆማል። ደሴ ላይ አጠገባችሁ የቆመ ዘመድ እንኳ በኬንያ ቁጥራችሁ ቢደውልላችሁ ድምፁ ናይሮቢ ደርሶ ነው የሚመለሰው፤ እሱም እናንተም እንደ ውጭ አገር ጥሪ ትከፍላላችሁ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ስልካችሁ ያልተነሳ ጥሪን ወደ ድምፅ መልእክት ሳጥን የሚያስተላልፍ ከሆነ ጥሪው እናንተ ዘንድ ደርሶ እንደገና ወደ ኬንያ ይመለሳል፤ ሳታነሱት ለመሄጃውም ለመመለሻውም ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ##002# ብላችሁ ብትደውሉ ማስተላለፊያው ሁሉ ይጠፋል።

እዚህ አካባቢያችን ያሉ አገሮች ይህን ችግር አይተውት ነበር። በ2006 ሴልቴል የተባለው ኩባንያ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ አንድ ኔትወርክ ብሎ ድንበሩን አነሳ፤ ደንበኛው በሦስቱም አገሮች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጥሪ መቀበል ቻለ። ኩባንያው በኋላ ዜይን፣ ከዚያም ኤርቴል ተባለ። በ2014 ደግሞ መንግሥታቱ ራሳቸው ተስማምተው ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ በመካከላቸው በሮሚንግ ጥሪ መቀበያ ላይ ይከፈል የነበረውን አነሱ፤ ደቡብ ሱዳንም ተጨመረች። ስለዚህ ወደ ካምፓላ ዕቃ ልታመጡ ስትሄዱ የለመዳችሁትን ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አትጠብቁ። ያ ስምምነት ኢትዮጵያን አልጨመረም። ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው «ካምፓላ ላይ በነፃ ተቀብዬ አልነበረም?» እያለ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከስም የሚመጣ ነው። በ2022 ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። ስሙ አንድ ስለሆነ «የኬንያ መስመሬ እዚያም እንደ አገሩ ይሠራል» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ የኬንያው ሲም አዲስ አበባ ሲገባ እንግዳ ነው። ከዚህም ሌላ የኢትዮጵያው ሳፋሪኮም ቁጥር በ07 ይጀምራል፤ ብዙው የኬንያ ቁጥርም በ07 ይጀምራል። የአገር መለያ ሳታስገቡ ብትደውሉ ለዘመዳችሁ ያላችሁት ጥሪ ለማታውቁት ሰው ይደርሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በስልካችሁ ውስጥ ያለውን ቁጥር ሁሉ በመደመር ምልክት ጀምራችሁ መዝግቡ፤ ለኢትዮጵያ +251፣ ለኬንያ +254 ካላችሁ በኋላ የመጀመሪያዋን ዜሮ ትታችሁ ቀሪውን ጻፉ። እንዲህ የተመዘገበ ቁጥር የትም አገር ሆናችሁ ይሠራል።

በመኪና በሞያሌ የምታልፉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የኔትወርክ ሞገድ ፓስፖርት አያሳይም። ገና በኬንያ በኩል ሆናችሁ ስልኩ የማዶውን አገር ሊይዝ ይችላል፤ እናንተ ሳታውቁ ሮሚንግ ውስጥ ገብታችኋል ማለት ነው። ቡሲያም፣ ናማንጋም እንዲሁ ነው። ድንበር አጠገብ ስትሆኑ ስልኩ ኔትወርክ በራሱ እንዳይመርጥ አድርጋችሁ የምትፈልጉትን በእጃችሁ ምረጡ።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ የምንመክረው ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ነው። አገር ቤት ስትደርሱ ፓስፖርታችሁን አሳይታችሁ የዚያውን አገር ሲም አውጡ፤ ለዘመድ የምትደውሉትም የምትቀበሉትም በእሱ ይሁን፤ ሲደወልላችሁ አትከፍሉም። የኬንያውን ሲም ግን አውጥታችሁ ቦርሳ ውስጥ አትጣሉት። የኤምፔሳና የባንክ መልእክት የሚመጣው በእሱ ነው፤ አጭር መልእክት መቀበል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያስከፍልም። በእሱ ላይ ጥሪ ሲመጣ ማን እንደሆነ አይታችሁ ተዉት፤ ከዚያ በሌላ መንገድ መልሳችሁ ደውሉ። የኬንያው ሲም ኢንተርኔት ግን ይዘጋ። ስልኩ እናንተ ተኝታችሁ ፎቶ ሲያወርድና ራሱን ሲያድስ ያድራል፤ ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ወጣቶቹ «ዋትሳፕና ቴሌግራም እያለ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» እንደምትሉን እናውቃለን። ልክ ናችሁ፤ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ከዚህ የሚረክስ የለም። የአገር ቤቱን ሲም ብታስገቡም ዋትሳፓችሁ በድሮው ቁጥር መሥራቱን ይቀጥላልና «ቁጥር ልቀይር?» ብሎ ሲጠይቃችሁ እምቢ በሉት። ነገር ግን በእሱ ብቻ አትመኩ። በ2020 ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ የእናቱን ቁጥር በዋትሳፕ ምስል እንጂ በአሃዝ የማያውቅ ሰው ሱቃችን መጥቶ ሲተክዝ አይተናል። የቤት ስልክ ቁጥር በወረቀት የነበረው ግን ደውሎ ድምፅ ሰማ። በዱባይ በኩል የምታልፉም እዚያ የዋትሳፕ ጥሪ ለረጅም ዓመታት ታግዶ መቆየቱን አስታውሱ፤ መልእክት ጽፋችሁ ላኩ። እናቶቻችንም ቢሆኑ ብዙዎቹ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ የእነሱ ስልክ የሚያውቀው መጮኽን ብቻ ነው።

ስለ ሚስኮልም አንድ ነገር እንበል። የእኛ ሰው በሚስኮል መነጋገርን ያውቅበታል፤ አንድ ጊዜ ከጮኸ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደውሉልኝ» ተባብሎ መለያየት ያልተነሳ ጥሪ ስለማይቆጥር ጥሩ ዘዴ ነው። ይህን ልማዳችንን ግን ሌቦችም ያውቁታል። ከማታውቁት አገር ቁጥር አንድ ጊዜ ጮኾ ከተቋረጠ መልሳችሁ አትደውሉ። ለእያንዳንዱ ደቂቃ ብዙ ገንዘብ የሚቆርጥ መስመር ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ ከመነሳታችሁ በፊት የሚደረገውን እንቋጭ። ተመን ስለሚለዋወጥ በመነሻችሁ ዋዜማ ድርጅታችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በዚያ አገር መደወል በደቂቃ ስንት ነው? መቀበልስ? ሂሳቤ እዚያ ሆኜ ቢያልቅ በምን ልሞላ እችላለሁ? ቀጥሎም ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ምረጡ። ስትደርሱ ለእሱ ብቻ ደውሉ፤ እሱ ለሌላው ያድርስ። የምትነጋገሩበትን ሰዓትም ወስኑ፤ ሰዓቱ ካለፈ ፍለጋ ይጀምር። ለእሱ ደግሞ ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ የምታርፉበትን ቤት፣ የጎረቤቱን፣ የአንድ ዘመድ። በወረቀቱ ጀርባ ላይ የልጆቻችሁን መድኃኒት ስም ጻፉ። ደንበኞችም ካሏችሁ መሄዳችሁን ንገሯቸው። የኬንያ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው፣ የኢትዮጵያው ሁለት ክብ እግር ያለው ነውና ማስማሚያ አትርሱ፤ የሞተ ስልክ ርካሽም ውድም የለውም።

እኛ ይህን ወረቀት ዛሬ የሱቃችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ከደሴ የተመለስን ሰሞን የጻፍነው ሲሆን ቁጥሮቹን በየዓመቱ እናድሳለን። መንገደኛ የሆነ ሁሉ መጥቶ ይገልብጠው፤ ለመገልበጥ በርበሬ መግዛት ግዴታ አይደለም።

በ25 ዓመት ውስጥ ይህ ማኅበር ብዙ መርዶና ብዙ ምሥራች አድርሷል። ያደረሰውም አንዱ የሌላውን በር ስለሚያውቅ ነው። ስልካችን ቢረክስም ቢወደድም ይህ በር አይዘጋ። ወጥታችሁ በሰላም ተመለሱ፤ የሚደወልላችሁ ሁሉ የደስታ ይሁን።