ከሕክምናው በኋላ ያለው ኑሮ፦ የጡት ካንሰር የያዛቸው ወጣት ሴቶች በይጁቤ

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፣

ስለ ጡት ካንሰር ተናገሪ ስባል መጀመሪያ የመጣልኝ የዕጢው መጠን፣ ደረጃውና መድኃኒቱ ነበር፤ ያስተማራችሁን እሱን ነዋ። ዛሬ የማወራው ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው።

ይጁቤ ከመመደቤ በፊት፣ ሌላ ጤና ጣቢያ ሳለሁ፣ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ አንዲት የ29 ዓመት ሴት የሰባት ወር ልጇን አዝላ መጣች። «ሲስተር፣ ልጁ ይችን ጡት እንቢ አለኝ» አለች። ዳበስኩት፤ ጠጠር ያለ፣ የማያም እብጠት ነው። «ወተት ቋጥሮ ነው፣ በሙቅ ጨርቅ ያዢው» ብዬ አንቲባዮቲክ ሰጥቼ ሸኘኋት። ተመልሳ ስትመጣ ክኒኑን ቀየርኩላት። ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። ስህተቱ የእኔ ነው።

ያዘናጋኝ ዕድሜዋ ነበር። እንዲያ መሆን አልነበረበትም። በ1997 እና በ2003 ዓ.ም. መካከል በጥቁር አንበሳ የታከሙ ከ1,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት መካከለኛ ዕድሜያቸው 43 መሆኑን አሳይቷል፤ በአሜሪካ 62 ነው። ደረጃቸው ከታወቀው ውስጥ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ሲመጡ በሽታው ሦስተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር። የእሷም ሦስተኛ ሆኖ ተገኘ።

ስምንት ዙር ኬሞ ወሰደች፣ ጡቷ ከነብብቷ ዕጢዎች ወጣ፣ ጨረርም ተደረገላት። ለሃያ ዓመት ያህል በአገራችን የጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማና ሐረርም አሉ፤ ለእኛ ሰው ግን መንገዱ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ነበር። የጤና መድኅን ደብተር ደግሞ መኪናና ማደሪያ አይከፍልም። አንድ በሬ ተሸጠ።

ይጁቤ ስመደብ በገበያ ቀን አገኘችኝ። ቂም ይዛብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ቡና ካልጠጣሽ ብላ ይዛኝ ሄደች።

ታካሚዎች እንዴት እንደሚኖሩ የሚለካበት የአውሮፓውያን መጠይቅ አለ። አጠቃላዩ 30፣ የጡት ካንሰሩ ተጨማሪ 23 ጥያቄዎች አሉት፤ በአማርኛም ተተርጉሞ ጥቁር አንበሳ ተሠርቶበታል። እስቲ ልሞክረው ብዬ አንድ ከሰዓት ከእሷ ጋር ተቀመጥን። ገና ከመነሻው ከባድ የገበያ ዕቃ ወይም ሻንጣ መሸከም ያስቸግር እንደሆነ ይጠይቃል። ሳቀች። «ሻንጣ ምን ላደርግ? ውኃውን ጠይቂኝ እንጂ!» ሃያ ሊትሩን ጄሪካን ማለቷ ነው።

መጠይቁ ክንድሽ አብጧል ወይ ብሎም ይጠይቃል። ያበጠ ክንድ ምን እንደሚያስቀር ግን አይጠይቅም። የብብት ዕጢዎች ሲወጡ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል፣ ክንድ ያብጣል፤ ቃጠሎና ቁስል ከገባበት ደግሞ ያመረቅዛል። እኛም «ከእሳት ራቂ፣ ከባድ አታንሺ» ብለን እንሸኛለን። «እሳት ካልነካሁማ የቤት ባለቤት ነኝ እንዴ? ጎረቤቴ ሁለቴ ጋገረችልኝ፤ ሦስተኛውን በየትኛው ዓይኔ ልጠይቃት?» አለች። ምን ልበላት? ያልነገርናት ነገር ነበር፤ ክንድን ፈጽሞ ማሳረፍ መፍትሔ አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስና ማሠራት፣ ሲያብጥ በልኩ መጠቅለል ይረዳል። ይህን ማስተማር ማሽን አይጠይቅም። እርሷ ግን የሰማችው ከእኔ ነው፣ ያውም ዘግይቶ።

ፀጉሯ የረገፈ ጊዜ ሻሿ ሸርተት ባለ ቁጥር «ማን ሞቶብሽ ነው?» ይሏት ነበር። በአገራችን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናት። በመጨረሻ እናቴ ሞተች ማለት ጀመረች፤ እናቷ በሕይወት አሉ።

ስለ መኝታ የሚጠይቀው ጋ ስደርስ እኔም እሷም መሬት መሬት አየን። ቆይታ በራሷ አወራችው። የወር አበባዋ ከኬሞው ወዲህ ቀርቷል። ሊቀር እንደሚችል ቀድሞ የነገራት የለም፤ አማቷ ግን ሁለተኛ ልጅ ይጠብቃሉ። ከጥቁር አንበሳዎቹ ታካሚዎች ከተመረመሩት 65 በመቶው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ነበረባቸው፤ የእሷም እንደዚያው ስለሆነ ታሞክሲፈን ትወስዳለች። በዚህ መድኃኒት ላይ እያሉ ማርገዝ ፅንሱን ይጎዳል፤ አበባ ቀረ ማለት ደግሞ አታረግዝም ማለት አይደለም። ታዲያ ምን ሰጥተዋት ነበር? የሦስት ወሩን መርፌ! ሆርሞን ነው እኮ፤ ለእሷ የተከለከለ። ሆርሞን የሌለበት ሉፕ ነበር የሚስማማት። መርፌውን የወጋቻት ባለሙያ ታማሚ መሆኗን አልጠየቀችም፤ እሷም ጡቷን ለማንም አታሳይም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጠበል ገብታ ክኒኑን ሁለት ወር አቋረጠች። አልተቆጣኋትም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ መናገራቸውን አስታውሼ የንስሐ አባቷን ሄጄ አናገርኳቸው። «እኔ አቁሚ አላልኩም፤ ማን አላት?» አሉኝ። በማግስቱ ጀመረች።

መምህሮቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ለተማሪዎቻችሁ የክንድ እንቅስቃሴውን አሳዩልን፤ የምታጠባ ሴት እብጠት ቶሎ ካልጠፋ ክኒን ሳይቀይሩ እንዲልኩ ንገሩልን። መጠይቁንም የምታጠኑበት ካላችሁ ምጣዱንና ጄሪካኑን ጨምሩበት።

ታሞክሲፈኑን ከጀመረች አራት ዓመት አልፏታል። አምስት ሲሞላ ታቁም ወይስ ትቀጥል፣ ልጁስ ነገር እንዴት ይሁን የሚለውን ከሐኪሟ ጋር ገና ትነጋገራለች። ያ ጡት እንቢ ያለው ልጅ አሁን ውኃ ይቀዳላታል። ባለፈው ሳምንት በሦስት ሊትር የዘይት ጄሪካን ተሸክሞ አየሁት፤ ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሶታል።