አንደበት ተያዘ ማለት አእምሮ ጠፋ ማለት አይደለም

(በማህበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሠራተኛዋ ልትናገር ተነሳች ሲባል ስለ ውዝፍ ብድር ልትወቅሰን ነው ብላችሁ እንዳትሰጉ። ዛሬ የምናገረው ስለ ንግግር ራሱ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የቋንቋ ምሁርም አይደለሁም። ዲፕሎማዬ በሂሳብ አያያዝ ነው። ጉዳዩ ግን በቁጠባ ደብተር በኩል እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

ሁላችንም እንደ እናት የምናያቸው አንዲት አባላችን በስትሮክ ታመው አንደበታቸው ተያዘ። ቤተሰባቸው ለማሳከሚያ ከቁጠባቸው 8,000 ብር እንዲወጣ ጠየቀ። «እሳቸው ከእንግዲህ ምንም አያውቁም፤ እኛ እንፈርምላቸው» አሉ። ይህ ሲባል እናታችን አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ቃል አልወጣቸውም፤ ዓይናቸው ግን ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። ያን ቀን ብሩ ሳይወጣ ጉዳዩ ለኮሚቴ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። ጥያቄው አንድ ነው፦ መናገር ያቃተው ሰው ማሰብም አቅቶታል ወይ?

ንግግር እንዴት ይወጣል?

መናገር ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሠራው ሥራ ስለሆነ ቀላል ይመስለናል። «ጎረቤቴ ወንፊቱን አላመጣችልኝም» የሚለውን እንመልከት። «አላመጣችልኝም» አንድ ቃል ናት። ውስጧ ግን ማምጣት አለ፣ አምጪዋ ሴት መሆኗ አለ፣ ለእኔ መሆኑ አለ፣ ነገሩ አለመደረጉም አለ። አእምሯችን መጀመሪያ ሐሳቡን ያዘጋጃል፤ ቀጥሎ ለሐሳቡ የሚሆኑትን ቃላት ይመርጣል፤ ከዚያ በሰዋስው ያያይዛቸዋል፤ ድምፃቸውን ያወጣል፤ በመጨረሻም ለሳንባ፣ ለጉሮሮ፣ ለምላስና ለከንፈር ትእዛዝ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ ሳናስበው፣ በሴኮንድ ክፍልፋይ ነው።

እነዚህ ደረጃዎች የተለያዩ መሆናቸውን ከራሳችን ኑሮ እናውቃለን። የአንድ ሰው ስም ሲጠፋብን መልኩን፣ ሰፈሩንና የማን ልጅ እንደሆነ እናስታውሳለን። ስሙ በምን ፊደል እንደሚጀምር እንኳ ይሰማናል። «አፌ ላይ ነው» እንላለን እንጂ ስሙ አይመጣም። በሂሳብ ቋንቋ ብናገር ትርጉሙ በአንድ መዝገብ፣ ድምፁ በሌላ መዝገብ ተጽፏል። አንዱ መዝገብ ለጊዜው ባይገኝ ሌላው ባለበት አለ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። «ስኳሩን ቡናው ውስጥ ጨምሪ» ልንል ፈልገን «ቡናውን ስኳሩ ውስጥ ጨምሪ» ብለን እንሳሳቅ የለ? ይህ ስህተት የሚነግረን ነገር አለ። «ቡና» የሚለው ቃል ተራው ሳይደርስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። አፋችን አንዱን ቃል ሲናገር አእምሯችን ወደ ፊት ሄዶ ሌላውን እያሰናዳ ነው።

መስማትስ?

መስማትም የራሱ ሥራ አለው። ጽሑፍ ላይ በቃልና በቃል መካከል ክፍት ቦታ እንተዋለን፤ በንግግር ግን ድምፁ እንደ ወራጅ ውሃ ተያይዞ ነው የሚመጣው። ቃላቱን የሚለያያቸው የሰሚው አእምሮ ነው። «ገና ነው» ብዬ ብጽፍ ሁለት ትርጉም አለው። «ና» ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። የብድሩ «ዋና» እና የውሃው «ዋና» ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ ጆሯችን ግን ይለያቸዋል።

አእምሮ የጎደለውንም ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሪቻርድ ዋረን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከተቀዳ ንግግር ውስጥ አንዲት ድምፅ ቆርጦ አውጥቶ በምትኳ ሳል አስገባ። አድማጮቹ ግን ቃሉን ሙሉ አድርገው ሰሙት፤ ሳሉ የቱ ጋ እንደነበረም በትክክል ማመልከት አልቻሉም። እኛም የቡና ሙቀጫ እየተወቀጠ፣ ልጅ እያለቀሰ ጨዋታችንን የማናቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም በላይ ሰሚ ሰው ቀድሞ ይገምታል። አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው መልስ እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። አንድን ነገር አይቶ ስሙን ለመጥራት ግን ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ መልሳችንን የምናዘጋጀው ገና እየሰማን ነው።

በአማርኛ ደግሞ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ደብተሬ ላይ ያለውን ብር ለልጄ…» ብላችሁ ብታቆሙ «ስጡልኝ» ይሁን «አትስጡብኝ» አይታወቅም። ሰሚው የፊተኛውን ሁሉ ይዞ ማሰሪያውን መጠበቅ አለበት። ጤነኛ ሰው ይህን ሳያውቀው ያደርገዋል። ለታመመ ሰው ግን ረጅም ዓረፍተ ነገር ከባድ ሸክም ነው።

ሲጎዳ ምን ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ፓሪስ አጠገብ ባለው የቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የሚባል በሽተኛ መረመረ። ይህ ሰው ለማንኛውም ጥያቄ የሚመልሰው «ታን፣ ታን» ብቻ ነበር። እዚህ ስንት ዓመት ቆየህ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መዳፉን አራት ጊዜ ከፈተና አንድ ጣት ጨመረ። 21 ማለቱ ነው፤ ትክክልም ነበር። በማግስቱ ደግመው ሲጠይቁት ያንኑ መለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁት እየፈተኑት መሆኑ ገባውና ተቆጣ። ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲታይ በግራ በኩል የፊተኛው ክፍል ተጎድቶ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ ሌላ ዓይነት ጉዳት ገለጸ። በዚህኛው ንግግሩ ያለ ችግር ይፈሳል፤ ቃላቱ ግን ትርጉም አይሰጡም፣ ሰውየውም የሚነገረውን በደንብ አይረዳም። ዛሬ ሐኪሞች ንግግር በአንድ ቦታ ብቻ እንደማይሠራ፣ ብዙ የአንጎል ክፍሎች ተያይዘው እንደሚሠሩት ያውቃሉ። የመናገር ጉዳትና የመረዳት ጉዳት የተለያዩ መሆናቸው ግን ጸንቷል። ችግሩ በሕክምና አፌዥያ ይባላል።

ሁለት ነገር ልብ እንበል። በአብዛኛው ሰው ንግግርን በዋናነት የሚመራው የግራው አንጎል ነው፤ ቀኝ እጅን የሚያዘውም እሱው ነው። ስለዚህ አንደበት ሲያዝ ብዙ ጊዜ የምትፈርመው እጅም አብራ ትያዛለች። አባላችን ድምፅዋንና ፊርማዋን በአንድ ቀን ታጣለች። ሁለተኛ፣ አንዲት ሴት ልጇን በስም መጥራት አቅቷት ጸሎት ብትደግም፣ አንድ ሁለት ብላ ብትቆጥር ወይም የምታውቀውን ዜማ ከነቃሉ ብታዜም «አውቃ ነው፣ መናገር ትችላለች» አትበሉ። በልምድ የተያዘ ቃልና አዲስ የሚሰናዳ ቃል በአእምሮ ውስጥ መንገዳቸው ይለያያል።

እኛ ምን እናድርግ?

ኮሚቴው በእናታችን ጉዳይ ድጋሚ ሲሰበሰብ ሬዲዮው ተዘጋ፤ አንድ ሰው ብቻ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ አጠር አጠር አድርጎ ጠየቃቸው። ደብተራቸው ተዘርግቶ የብር መጠን የተጻፈባቸው ወረቀቶች ቀረቡላቸው። 3,000 የሚለውን በግራ እጃቸው ነኩ። ወረቀቶቹ ቦታቸው ተቀያይሮ ድጋሚ ሲጠየቁም ያንኑ ነኩ። «የቀረው ይቀመጥ?» ሲባሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቤተሰባቸውም ክፋት አልነበረባቸውም፤ ያውቃሉ ብለው ስላላሰቡ አልጠየቋቸውም እንጂ። ልጃቸው እዚያው አለቀሰች።

ከዚህ በመነሳት ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ አንደበቷ የተያዘ አባል አባልነቷ፣ ድምፅዋና ቁጠባዋ የራሷ ሆኖ ይቀጥል።

ሁለተኛ፣ ብር ከመውጣቱ በፊት እሷ ራሷ በምልክት፣ በሥዕል ወይም በቁጥር ወረቀት ትጠየቅ። አፌዥያ ያለበት ሰው አዎን እና አይደለምን ሊያምታታ ስለሚችል ጥያቄው በሁለት መንገድ ይቅረብ፤ መልሱ ከተስማማ በግራ አውራ ጣት አሻራ፣ በሦስት ምስክር ይጽና።

ሦስተኛ፣ መልሷ ካልተስማማ ወይም የተባለውን መረዳቷ ካጠራጠረ የሐኪም ማስረጃ እስኪመጣ ብሩ አይነካ። ለአስቸኳይ ሕክምና ከሆነ ማህበሩ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይክፈል።

ቤት ሄዳችሁ ስትጠይቋቸውም አትጩኹ፤ ጆሯቸው ደህና ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ መልሱን በትዕግሥት ጠብቁ፤ ቃሉን ከአፋቸው አትንጠቁ። እሳቸው ባሉበት ስለ እሳቸው እንደሌሉ ሆናችሁ አታውሩ።

እግረ መንገዴን ስለ ስትሮክ አንድ ቃል ልጨምር። የአንድ ሰው ፊት በአንድ በኩል ድንገት ከጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ «ይተኛና ይሻለዋል» አትበሉ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ለስትሮክ ትልቁ መንስኤ የደም ግፊት ነው፤ ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማን ነው የሚጎዳን። የምትደግፉን ወገኖቻችን፣ ለቢሯችን አንድ የደም ግፊት መለኪያ ብታግዙን በቁጠባ ቀን ሁሉም አባል ደብተሯን ስታስመዘግብ ግፊቷንም ትለካለች።

እናቶቼ፣ ይህን ማህበር ያቋቋማችሁት ማንም በእናንተ ስም እንዳይፈርም፣ ያፈራችሁትን ራሳችሁ እንድታዙበት ነው። ያቀረብኩት ሐሳብ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ እንዲገባ ዛሬ ድምፅ እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ።