መምህርነትና የጀመዓው ግዴታ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰባቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



የመስጂዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የሚሆን ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ውዱእ ወይም ስለ ሰላት ሥርዓት ትጠብቁ ይሆናል። ዛሬ የማነሳው ግን ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። «ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ እንጂ የመስጂድ ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

ልጅ ያላችሁ ሁሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ልጁ 9ኛ ክፍል ይገባል፤ መስከረም ያልፋል፣ ኅዳር ይደርሳል፣ የፊዚክስ ደብተሩ ግን ገና ነጭ ነው። ሲጠየቅ «መምህር አልመጣልንም» ይላል። የመጣውም ቢሆን ዓመቱ ሳያልቅ ሌላ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪ 3 ያህል ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ደንግጠናል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት መሻሻል ታይቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ለዚያ ውጤት ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ ኮሮናው፣ ጦርነቱ፣ የኩረጃው በር መዘጋቱ። ሁሉም እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ያለፉት ጥቂቶች ወዴት እንደሚሄዱ ተመልከቱ። ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ ኮምፒውተር፣ ሒሳብ አያያዝ ይላሉ። መምህርነትን የመጀመሪያ ምርጫው አድርጎ የሚሞላ ልጅ ብርቅ ነው። ሌላው ያመለጠው ይመደብበታል፤ ሳይወድ የገባውም ሳይወድ ያስተምራል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ተማሪ ደግሞ የመምህሩን ሁኔታ አይቶ «እኔስ ይህን አልሆንም» ብሎ ይወጣል።

እጥረቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1950ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ሲከፈቱ የሚያስተምር የአገር ሰው ጥቂት ስለነበር፣ በብዙ ቦታ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምሩት ህንዶች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ከአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹ የተመደቡትም በመምህርነት ነው። ያኔ መምህር በሠርግ ላይ ከዳኛው ጎን ይቀመጥ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያወሳሉ።

ከአባቶቻችን ብዙዎቹ ግን በዚያ ዘመን ልጃቸውን ወደ አስኳላ አልላኩም። ልጁ ዲኑን ትቶ እንዳይመለስ ይፈሩ ነበር፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ በመምህርነት ወንበር ላይ ከኛ ወገን የተቀመጠው ጥቂት ሆነ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ስለ እኩልነት ሰልፍ ሲወጡ የሌላ እምነት ተከታዮችም አብረዋቸው እንደወጡ ታሪክ መዝግቦታል። ከዚያ በኋላ በሩ እየሰፋ ሄደ፣ ልጆቻችንም ገቡ፣ ተመረቁ። እንግዲህ ያኔ የጠፋው የተማረ ሰው ነበር። ዛሬ ተመራቂው ሞልቶ ወደ ክፍል የሚገባው ጠፋ።

አሁን ወደ ዲኑ ልመለስ። ዑለማዎቻችን ግዴታን በሁለት ይከፍሉታል። ፈርዱል ዐይን እያንዳንዱ ሙስሊም ራሱ የሚፈጽመው ነው፤ ሰላትና ጾም ከዚህ ይመደባሉ። ፈርዱል ኪፋያ ግን የጀመዓው ነው፤ የሚበቁ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው ይወርዳል፣ ማንም ካልፈጸመው ኃጢአቱ የመፈጸም ችሎታ እያለው በተወው ሁሉ ላይ ነው። ጀናዛ ማጠብና መቅበር ምሳሌው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኢማም አል-ገዛሊ ግን በ«ኢሕያእ ዑሉሙዲን» ሕክምናንና ሒሳብንም በዚሁ ውስጥ ቆጥረዋቸዋል። በ1111 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያረፉት እኚህ ዓሊም በዘመናቸው ያስተዋሉት ነገር የኛኑ ይመስላል። በብዙ ከተማ ከሙስሊሙ መካከል አንድ ሐኪም ሲታጣ፣ ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ይጋፋ ነበር። ምክንያቱንም ሳይሸፋፍኑ ጽፈውታል፤ በፊቅህ በኩል ቃዲነት ይገኛል፣ የወቅፍ ሹመት ይገኛል፣ የየቲም ገንዘብ ጥበቃ ይገኛል፣ በሕክምና ግን ይህ የለም። ፊቅህ ሲማሩ ኖረው ይህን የጻፉ ሰው ናቸው። እንግዲህ ሐኪሙን ራሱን ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ከጠፋ ግዴታው በማን አንገት ላይ ነው?

ብዙ ጊዜ በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ስብከት መምህሩን የሚመለከት ነው። «ሙያህ የነቢያት ሙያ ነው፣ አጅርህ ከአላህ ዘንድ ነው፣ ታገሥ» ይባላል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ደህና ገቢ ያለው ሰው ይህን ለመምህር ሲናገር ስሰማ አልወደውም። አጅሩን አላህ ይሰጣል፤ በወሩ መጨረሻ በሩን የሚያንኳኳው ግን አከራይ ነው፤ ከአከራዮቹም መካከል በዚህ መስጂድ የመጀመሪያ ሰፍ ላይ የምንሰግድ አለን።

ባለፈው ረመዳን ማብቂያ ላይ አንድ ወጣት ሊያማክረኝ መጣ። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ የሒሳብ መምህር መሆን ይፈልጋል፤ አባቱ እምቢ ብለውታል። ሽማግሌ ሆኜ እንድሄድለት ጠየቀኝና ሄድኩ። አባትየው ቡና አስፈልተው ተቀበሉኝና በረጋ አነጋገር ነገሩኝ። ጎረቤታቸው መምህር ነው፤ ቀን አስተምሮ ማታ የሰው ባጃጅ ይነዳል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ አከራዩ ከደመወዙ ቀድሞ ኪራዩን ጨመረበት። ሁለት ጊዜ ሚስት ሊያጩለት ሄደው የልጅቱ ወገኖች ሥራውን ሲሰሙ ነገሩን አቀዘቀዙት። «ሸኽዬ፣ የእርስዎ ልጅ ቢሆን ምን ይሉታል?» አሉኝ። እኔም አባትየውን አልወቀስኩም። ከነገሩኝ ውስጥ ደመወዙ የመንግሥት ነው፤ እሱን ማስተካከልም የመንግሥት ግዴታ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ኪራዩን የጨመረው ግን መንግሥት አይደለም። ልጁን የከለከለውም መንግሥት አይደለም። እነዚህ ሁለቱ የኛ ሥራ ናቸው።

የበድርን ምርኮኞች ነገር አስታውሱ። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተማረኩት መካከል ቤዛ የሚከፍሉት እስከ 4,000 ዲርሃም ይከፍሉ ነበር። ገንዘብ የሌለውና መጻፍ የሚያውቀው ግን 10 የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምሮ ነጻ እንዲወጣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቀዱ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ 10 ልጅ ማስተማር በዚያ ሁሉ ዲርሃም ፋንታ ተቆጠረ፤ ያውም ጀመዓው ድሃ በነበረበት ጊዜ። ሁለተኛ፣ አስተማሪዎቹ ገና ያልሰለሙ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የኬሚስትሪው መምህር ክርስቲያን ከሆነ ጉዳዩ አይመለከተንም የሚል ሰው ይህን ታሪክ ደግሞ ያንብብ።

የኛ የወሎ አባቶችም መንገዱን ያውቁት ነበር። ዳናና ጀማ ንጉሥ የዒልም ማዕከል ሆነው የቆዩት ሸኾቹ ዓሊም ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ የአካባቢው ገበሬ እህሉን ይዞ ስለመጣ፣ ደረሳውን ስላበላ ጭምር ነው። ሸኹ የነገ ቀለቡን እያሰበ ኪታብ አይገልጥም ነበር። ለፊዚክስ መምህር ይህን ያደረገ መንደር እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ የሚከተለው ነው። በመስጂዱ ጓሮ ሁለት ክፍል ቤት ይሠራ፤ በአዲስ ወቅፍነት ይመዝገብ፤ ለሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ያለ ኪራይ ይሰጥ፤ የማንን ሃይማኖት እንደሚከተሉ አይጠየቅ። ከሱቆቹ ኪራይ ይወሰድ ያሉ ወንድሞች አሉ፤ ይህ አይቻልም። ሱቆቹን የወቀፉት ሰዎች ገቢው ለመስጂዱ ጥገናና ለመድረሳው እንዲውል ሸርጥ አድርገዋል፤ የወቃፊውን ሸርጥ መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ አዲስ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘብ የሌለው ቆርቆሮ፣ እንጨት፣ የአንድ ቀን ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። ቤት የምታከራዩ ደግሞ፣ ተከራያችሁ መምህር ከሆነ ዘንድሮ ኪራይ አትጨምሩበት። ይህ ግንበኛም ቆርቆሮም አይፈልግም፤ ዛሬ ማታ ሊወሰን ይችላል።

ግንበኛው ሥፍራውን ለክቶ ሄዷል። ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ይምጣ፤ መዝገቡ በኮሚቴው ጸሐፊ ዘንድ ነው። የልጁ አባትም እንደሚመጡ ነግረውኛል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።