ለሰፋሪ የሚታደል መጥረቢያ፤ አመራረጡ፣ እድሳቱና ማሻሻያው
(በእነዋሪ ከተማ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለእርዳታ ድርጅቶች ባልደረቦች የተደረገ ንግግር)




በድርቅ ለተጎዳ ወይም ከቀየው ተነሥቶ ለሚሰፍር ገበሬ የሚታደለው ዕቃ ሲዘረዘር እህል፣ ብርድ ልብስና ዘር ከላይ ይጻፋሉ። መጥረቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ «የእጅ መሣሪያ» በሚል ጥቅል ስም ይታለፋል። ይሁን እንጂ ሰፋሪው የጎጆውን ማገር የሚቆርጠው፣ ማገዶውን የሚፈልጠውና ማሳውን የሚመነጥረው በዚሁ መሣሪያ ነው። መጥረቢያው በሁለተኛው ሳምንት ከዛቢያው ከወለቀ ወይም ስለቱ ከታጠፈ፣ ጎጆው ሳይከደን ክረምት ይገባል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ስለ አነስተኛ መጥረቢያና ስለ ጥልቆ ይሆናል።

እንደሚታወቀው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሰፈራ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና ከፋ ተወስዷል፤ ያለ ፈቃዱ የተወሰደውም ብዙ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረውና በሦስት ዓመት 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር በታቀደው ፕሮግራምም የአማራ ክልል ደገኞች በመተማና በቋራ ቆላ ሰፍረዋል። በሁለቱም ጊዜ ኩበት ማንደድ የለመደ የደጋ ሰው ቁጥቋጦና ደን ከበዛበት አገር ገባ። ባሕር ዛፍ ለመፍለጥ የሚበቃው መሣሪያ ለምንጠራ አልበቃም።

ማሻሻል ሲባል የግድ ከውጭ የሚመጣ ነገር መጠበቅ አይደለም። የሞረትና ጅሩ ገበሬ ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር በእጁ መደብ እያበጀ ሲያጠነፍፍ ኖሯል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች ይህንኑ ብልሃት መነሻ አድርገው፣ ሁለት የአገር ማረሻ በማጣመር በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ሠርተዋል። በመጥረቢያም ረገድ መነሻችን ገበሬው የሚያውቀው መሣሪያና የአካባቢው ባለ እጅ መሆን ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስለ አመራረጡ። በአንድ እጅ ለሚያዝ ጥልቆ ከ600 እስከ 700 ግራም የሚመዝን ራስና 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ዛቢያ ይበቃል። ለምንጠራ የሚሆነው አነስተኛ መጥረቢያ ደግሞ አንድ ኪሎ ያህል ራስና ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ዛቢያ ያሻዋል። ጨረታ ከመፈረሙ በፊት ከቀረበው ናሙና ስለት ላይ ሞረድ ይፈተን። ሞረዱ ብረቱን እንደ ሚስማር በቀላሉ ከበላው ስለቱ ለስላሳ ነውና ይታጠፋል፤ ጨርሶ ከተንሸራተተ ደግሞ ደረቅ ነውና ይሸረፋል። በመጠኑ ሲነክስ ደህና ነው። ራሱን በገመድ አንጠልጥሎ መምታትም ይጠቅማል፤ ጥሩው ብረት ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል።

ሁለተኛው እድሳት ነው። በየመጋዘኑ ዛቢያቸው ተሰብሮ የተጣሉ ራሶች ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወጪ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ዝገቱ በላምባ ረጥቦ በአሸዋ ይታሻል። ከቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ስባሪ እንጨት ለማውጣት ራሱን እሳት ውስጥ መጣል ግን በእጅጉ ጎጂ ልማድ ነው፤ ስለቱ ሲግል ጥንካሬውን ያጣልና። እንጨቱ በመሮ ወይም በወፍራም ብረት ተመትቶ ይውጣ። ስለቱ በሞረድ ሲሳል በሁለቱም በኩል እኩል ይሁን፤ የሁለቱ ገጽ ማዕዘን ተደምሮ 30 ዲግሪ ያህል ቢሆን ለእንጨት ተስማሚ ነው። በኤሌክትሪክ መሳያ የሚሠራ ሰው ብረቱን ቶሎ ቶሎ ውኃ ይንከር፤ ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ለስልሷል ማለት ነው።

ለዛቢያ ወይራ የሚመረጥ እንጨት ነው። ወይራ በማይገኝበት ቦታ ቀጥ ብሎ የተፈለጠና በጥላ ሥር በሚገባ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሠራል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ራሱ ይወልቃል፤ የወለቀ ራስ ደግሞ የሰው ሕይወት ያጠፋል። የላላውን መጥረቢያ ውኃ ውስጥ ማሳደር ለአንድ ቀን ያጠብቅ ይሆናል፤ ሲደርቅ ግን ከቀድሞው ይብሳል። መፍትሔው የደረቀ የእንጨት ሽብልቅ ነው። ዛቢያው የተልባ ዘይት ቢቀባ ከመሰንጠቅ ይጠበቃል።

ሦስተኛው ማሻሻል ነው። ስለቱ ለስላሳ ሆኖ የተገኘ መጥረቢያ በባለ እጅ ወናፍ ሊሻሻል ይችላል። ባለ እጆቻችን የሚጠቀሙበት የመኪና ባሌስትራ ከቤት መሥሪያ ብረት ይልቅ ካርቦኑ ስለሚበዛ ስለት ይይዛል። የባሌስትራው ስለት ግሎ ማግኔት መሳብ ሲያቆም ዘይት ውስጥ ይነከራል። ከዚያም ገጹ ተጠርጎ በቀስታ ሲሞቅ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ቀጥሎም ሐምራዊ ይሆናል፤ ሐምራዊ ሲሆን ከእሳት ይውጣ።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ባለ እጁ ራሱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ቀጥቃጭ በሌለበት የሰፈራ መንደር አንድ ሺህ አዲስ መጥረቢያ ቢታደል፣ ሲደንዝና ሲሰበር የሚያድሰው የለም።

ስለዚህ ለእቅድ አውጪዎች የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ በበጀቱ ከሚገዛው መጥረቢያ ቁጥር ጥቂት ተቀንሶ ለሞረድ፣ ለደረቅ ዛቢያና ለሽብልቅ ይዋል። ሁለተኛ፣ የአሮጌ ራሶች እድሳት ለአካባቢው ባለ እጆች በክፍያ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ሰፋሪዎች ሲመዘገቡ ባለ እጁ ከነሙያው ተመዝግቦ ወናፍና ከሰል ይሰጠው፤ የእርሻ መሬትም እንደ ማንኛውም አባወራ ያግኝ። አራተኛ፣ መጥረቢያ በሚታደልበት ዕለት የሚቆረጠውና የማይነካው ዛፍ ተለይቶ ለሕዝቡ ይነገር፤ የደጋችን መራቆት በቆላው እንዳይደገም።

በእርዳታ መዝገብ ላይ «ታድሏል» ተብሎ የተጻፈ መጥረቢያ ከዓመት በኋላም በገበሬው እጅ መሥራቱን ሄዶ ማየት የሁላችንም ግዴታ ነው።