የምርምር ሕይወትና ሁለት መድኃኒቶች

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)






«ከምረቃ በኋላ ምን እንሁን?» የሚለው ጥያቄ በየመኝታ ክፍላችንና በየምግብ ጠረጴዛችን የማይነሣበት ቀን የለም። ሐኪም እሆናለሁ፣ መሐንዲስ እሆናለሁ፣ ባንክ ቤት እገባለሁ የሚለውን ሁሉም በደስታ ይሰማዋል። «ተመራማሪ እሆናለሁ» የሚል ሰው ሲገኝ ግን ጓደኞቹ «ታዲያ እንጀራህን ከየት ልትበላ ነው?» ይሉታል። ክርክሩም በዚህ አያበቃም። «በሽተኛ ደጅ ላይ ተኝቶ ተራ በሚጠብቅበት አገር፣ በላቦራቶሪ ተቀምጦ አንዲት ነገር ሃያ ዓመት መፈለግ ቅንጦት አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ይህ በቀልድ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። እኔም በባዶ ቃል ከምመልሰው ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች እንዴት እንደተገኙ በመተረክ ልመልሰው እሞክራለሁ። አንደኛው ደም ማነስን የሚያክመው ኤሪትሮፖይቲን የተባለው ሆርሞን ነው። ሁለተኛዎቹ ካንሰርን የሚዋጉት አንቲቦዲዎች ናቸው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ደም እንናገር። ቀይ የደም ሕዋሶች ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብለው ለመላው አካል ያድላሉ። የአንዱ ሕዋስ ዕድሜ 120 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ የአጥንት መቅኔ ሌት ተቀን አዲስ መሥራት አለበት። ታዲያ ምን ያህል እንዲሠራ ማን ያዘዋል? በ1906 ካርኖና ደፍላንድር የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን፣ ደሟ ከቀነሰ ጥንቸል የተወሰደውን የደም ውሃ ለጤነኛ ጥንቸል ቢወጉ የጤነኛዋ ቀይ ሕዋሶች መብዛታቸውን አስታወቁ። በደም ውስጥ የሚዞር አንድ መልእክተኛ እንዳለም ገመቱ። ይሁን እንጂ መልእክተኛውን በእጁ ይዞ ያሳየ ሰው ሳይገኝ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

በ1955 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ሊዮን ጃኮብሰን ይህን መልእክተኛ ለይቶ የማውጣቱን ሥራ ለወጣቱ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ለዩጂን ጎልድዋሰር ሰጡ። ጎልድዋሰር ሥራው በጥቂት ወራት የሚያልቅ መስሏቸው ነበር። የፈጀባቸው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ነው። በ1957 ሆርሞኑ የሚመነጨው ከኩላሊት መሆኑን ከባልደረቦቻቸው ጋር በአይጦች ላይ አሳዩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ረዘመ። ደም እንዲያንሳቸው ከተደረጉ በጎች ደም ሆርሞኑን ለማጣራት ለዓመታት ደከሙ፤ የሚገኘው ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

ርዳታው ከሩቅ መጣ። መቅኔያቸው ደም መሥራት የተሳነው ሕሙማን ኩላሊታቸው «ደም ሥሩ» እያለ ያለማቋረጥ ስለሚጣራ፣ ሆርሞኑ በሽንታቸው ውስጥ በብዛት ይገኛል። ጃፓናዊው ታካጂ ሚያኬ ከእነዚህ ሕሙማን የተሰበሰበውን 2,550 ሊትር ሽንት አደረቁና በ1975 በሐር ጨርቅ ጠቅልለው ውቅያኖስ አሻግረው ለጎልድዋሰር አመጡላቸው። ከዚያ ሁሉ ሽንት ተጣርቶ በ1977 የታወጀው ንጹሕ ሆርሞን 8 ሚሊግራም ያህል ነበር። ይህም በሁለት ጣት ቆንጥረን ወጥ ላይ ከምንበትናት ጨው እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ያች ቅንጣት በቃች። በእርሷ አማካይነት በ1983 አምጄን በተባለ አነስተኛ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት የታይዋን ተወላጅ ፉ ኩዌን ሊን ሆርሞኑን የሚያዘውን ጂን አገኙ። በ1987 ከሲያትል የወጣ ጥናት፣ በኩላሊት ማጠቢያ መኪና የሚኖሩና ደም ካልተለገሳቸው መቆም የማይችሉ ሕሙማን በዚህ መድኃኒት ደማቸው እንደተመለሰ መሰከረ። በ1989 መድኃኒቱ በአሜሪካ ተፈቀደ። ከ1906 ብትቆጥሩ ሰማንያ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ ልለፍ።

አንቲቦዲ ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚሠራው፣ መንታ ክንድ ያለው ፕሮቲን ነው። በክንዶቹ ጠላትን ይይዛል፤ በግንዱም ሌሎችን የሰውነት ወታደሮች ይጠራል። እያንዳንዱ አንቲቦዲ የሚይዘው አንድን ነገር ለይቶ ስለሆነ፣ ሊቃውንት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ጤነኛውን ሳይነካ በሽታውን ብቻ የሚመታ መድኃኒት እንዲሆን ይመኙት ነበር። ችግሩ በደም ውስጥ ያሉት አንቲቦዲዎች ዓይነታቸው የማይቆጠር ድብልቅ መሆኑ ነው። አንዱን ዓይነት ብቻ የሚሠራውን ሕዋስ ነጥሎ በብልቃጥ ውስጥ ለማኖር ቢሞከርም ሕዋሱ ቶሎ ይሞታል።

በ1975 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ፣ የአርጀንቲና ተወላጁ ሴዛር ሚልስታይንና ጀርመናዊው ጆርጅ ኮህለር መላ አገኙ። አንቲቦዲ የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ ከአንድ የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱት። የተወለደው ሕዋስ ከአንዱ አንቲቦዲ መሥራትን፣ ከሌላው ያለማቋረጥ መባዛትን ወረሰ። ነገሩን ልብ በሉልኝ፤ ካንሰርን አስፈሪ የሚያደርገው ያ አልሞት ባይነቱ ካንሰርን ለመውጋት መሣሪያ ሆነ። ሚልስታይን ሥራውን ሲጀምሩ መድኃኒት ፍለጋ አልወጡም። ይከነክናቸው የነበረው ሰውነት ይህን ያህል ልዩ ልዩ አንቲቦዲ እንዴት ሊሠራ ቻለ የሚለው ጥያቄ ብቻ ነበር። በ1984 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በዘዴያቸው ላይ ግን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ስላልወጣበት ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት።

ዘዴው ወዲያው መድኃኒት አልሆነም። የአይጥ አንቲቦዲ በሰው ደም ውስጥ ሲገባ ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ ያሳድደዋል። በ1986 በዚያው በካምብሪጅ ግሬግ ዊንተርና ባልደረቦቻቸው የአይጡን አንቲቦዲ የመያዣ ጫፍ ብቻ አስቀርተው ሌላውን በሰው አካል ተኩበት። በሌላ በኩል በሎስ አንጀለስ ዴኒስ ስላሞንና ጓደኞቻቸው በ1987 አንዳንድ የጡት ካንሰሮች ኸር ቱ የተባለው ጂን እንደሚበዛባቸውና እነዚህም ይበልጥ ክፉ መሆናቸውን ገለጹ። በ1997 የሊምፍ ሕዋስ ካንሰርን የሚዋጋው ሪቱክሲማብ፣ በ1998 ደግሞ ኸር ቱ የበዛበትን የጡት ካንሰር የሚዋጋው ትራስቱዙማብ በአሜሪካ ተፈቀዱ። ስለዚህ ከካምብሪጁ ብልቃጥ እስከ ሕመምተኛዋ አልጋ ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል።

ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ማጀት ይገናኛሉ። ኤሪትሮፖይቲንም ሆነ እነዚህ ሁለት አንቲቦዲዎች የሚሠሩት ጂናቸው ሃምስተር ከተባለች አይጥ መሰል እንስሳ በተገኙ ሕዋሶች ውስጥ ገብቶ፣ ሕዋሶቹ በትልልቅ ጋኖች እንዲራቡ እየተደረገ ነው። ስለዚህ አንዱን የተማረ ለሌላውም እጁ የተፈታ ይሆናል። በአንድ የምርምር ዕድሜ ከደም ማነስ ወደ ካንሰር መሻገር የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ግማሽ እውነት ብቻ ይሆንብኛል። የካንሰር መድኃኒት ራሱ ደም ስለሚያሳንስ ኤሪትሮፖይቲን ለካንሰር ሕሙማንም ይሰጥ ጀመር። ሐሳቡ ለሰሚው ትክክል ይመስላል፤ ደም ከበዛ ጉልበት ይበዛል፣ ጉልበት ከበዛ ዕድሜ ይረዝማል። ሆኖም አንዳንድ ተመራማሪዎች በዚህ አልረኩም፤ መድኃኒቱን የወሰዱትንና ያልወሰዱትን ሕሙማን በጥንቃቄ አነጻጸሩ። በበርካታ ጥናቶች የደም መጠናቸው ከልክ በላይ ከፍ እንዲል የተደረጉት ሕሙማን ለልብና ለደም ሥር አደጋ ይበልጥ ተጋለጡ፤ ከካንሰር ሕሙማንም አንዳንዶቹ በሽታው ፈጠነባቸው፣ ዕድሜያቸውም አጠረ። በዚህ ምክንያት በ2007 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከባድ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። መድኃኒቱ ዛሬም ይሠራበታል፤ የሚሰጠው ግን በልክ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱን ያገኙት ሰዎች ክብር የሚገባቸውን ያህል፣ «ቆይ፣ እስኪ እንመዝነው» ያሉትም ክብር ይገባቸዋል። የምርምር ሕይወት ማለት የሚወዱትን ሐሳብ እንኳ ለሚዛን አሳልፎ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ተነሣው ጥያቄ ልመለስ። ይህ ሁሉ ለእኛ ቅንጦት ነውን?

አዎን፣ በአገራችን ደም የሚያንሰው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሻው ይህ ውድ ሆርሞን አይደለም። ብረት ያለው ምግብና እንክብል፣ የወባና የአንጀት ትል መድኃኒት ይበቃዋል። ይህንንም ማዳረስ የሁላችን ግዴታ ነው። ነገር ግን ኩላሊቱ የደከመ ሰውና ጡቷን የታመመች እናት በእኛም አገር አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሪቱክሲማብንና ትራስቱዙማብን በ2015 ለማንኛውም አገር አስፈላጊ ከሆኑ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በመዝገብ መጻፍና ከታማሚው ክንድ መድረስ ግን አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ዋጋ የሚባል ገደል አለ። ገደሉን ማጥበብ የጀመሩት በገዛ እጃቸው መሥራት የቻሉ አገሮች ናቸው። ህንድ በ2007 የራሷን ሪቱክሲማብ ለገበያ አቀረበች። ይህን ልታደርግ የቻለችው ሕዋስ ማርባትና ፕሮቲን ማጣራት የለመዱ የራሷ ልጆች ስለነበሯት ነው። የሚሠራ ሰው የሌለው አገር፣ ገንዘብ እንኳ ቢያገኝ፣ ዘወትር ከሌላው ደጅ ይቆማል።

ደግሞም ጥያቄ ከውጭ አገር የሚገዛ ዕቃ አይደለም። አንዱ በገዛ ተራራችን ላይ ተቀምጧል። አየር በሳሳበት ደጋ የሚኖር ሰው ኩላሊቱ ሆርሞኑን አብዝቶ ደሙ ይበረክታል ተብሎ ይጠበቃል፤ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የታየውም ይኸው ነው። በ2002 የታተመ ጥናት ግን በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አገኘ። በደማቸው ያለው ኦክሲጅንም አልጎደለም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ቀይ ሕዋስ ሳያበዙ በሳሳ አየር መኖር የሚቻልበት መንገድ በደንብ ቢታወቅ ለደም ማነስ ሕክምና ምን ያስተምረን ይሆን? የስሜን ገበሬ በየቀኑ መልሱን በደም ሥሩ ይዞ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ጥያቄውን ይዞ ሃያ ዓመት የሚቀመጥ ሰው ከመካከላችን መነሣት የለበትምን?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው፣ ከየፋኩልቲው ፈቃደኛ የሆንን በሳምንት አንድ ምሽት እየተሰበሰብን አንድ የምርምር ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምናነብበትና የምንከራከርበት ክበብ እናቋቁም። የሕክምናው ተማሪ ከኬሚስትሪው፣ የኬሚስትሪው ከስታቲስቲክሱ ይማር፤ ሽንት የሰበሰበው በጃፓን፣ ያጣራው በቺካጎ፣ ጂኑን ያገኘው በካሊፎርኒያ መሆኑን ሰምታችኋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ሁለተኛው ልመናዬ ለመምህሮቻችን ነው። የተሳካውን ሙከራ ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም እንዴት መመዝገብ እንደሚገባ አስተምሩን፤ ጎልድዋሰር በበጎች ደም የደከሙባቸው ዓመታት ባይመዘገቡ ኖሮ ሐር የተጠቀለለው ጥቅል ሲመጣ የሚያጣራው እጅ ባልተገኘ ነበር።

ሁላችን ተመራማሪ እንሁን አልልም፤ የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ የትምህርት ቤቱ መምህር ባይኖር ምርምር ለማን ይደርሳል? ነገር ግን ከመካከላችን አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ይህን ረጅም መንገድ ልይዝ ነው ቢሉ፣ «እንጀራህን ከየት ልትበላ ነው?» ከማለት በፊት «ጥያቄህ ምንድር ነው?» እንበላቸው።